ሜዳው ባዶ መሬት አይደለም!

እንጅባራ ላይ ሰፊ መስክ ባየ ቁጥር «ይሄ ባዶ መሬት ለምን አይለማም?» የሚል አይጠፋም። ወገን፣ ባዶ ነው ያለው ማነው?

ስኮትላንድ ውስጥ፣ ሴንት አንድሩስ ያለው ጥንታዊ የጎልፍ ሜዳ መሐንዲስ ሳይነድፈው ከባሕር ዳር መስክ የተገኘ ነው። በ1764 እ.ኤ.አ. እዚያ 22ቱን ጉድጓድ ወደ 18 አወረዱት፤ ይኸው ዓለም 18 ይጫወታል። ሜዳው ዛሬም የሕዝብ ነው።

የእኛን ሜዳ ደግሞ የነደፈው የፈረስ ኮቴ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የዓድዋን ፈረሶች ይዘክራል። በአዘቦት የሚያርሰው ፈረስ ጥር 23 ለጉግስና ለሽምጥ ግልቢያ ይሸለማል። የሚለማመደው የት ሆኖ ነው? እዚያው «ባዶ» የተባለው መስክ ላይ!

ስታዲየም ይሠራ፣ አልጠላንም። ግን መስኩ በከተማው ፕላን ላይ «የፈረስ ሜዳ» ተብሎ በስሙ ይከለል። ሜዳ ያጣ ፈረስ የፎቶ ጌጥ ነው።