ለእረፍት ወደ ሐርጌሳ፦ ለወላጅ አገር ቤት፣ ለልጅ ባዕድ ምድር

የአውሮፓውያኑ ዓመት ሊገባደድ ሲል ከአዲስ አበባና ከዱባይ ወደ ሐርጌሳ የሚበሩ አውሮፕላኖች በቤተሰብ ይሞላሉ። ከለንደን፣ ከካርዲፍ፣ ከቶሮንቶና ከሚኒያፖሊስ የተነሱ ወላጆች ልጆቻቸውንና ከባድ ሻንጣዎቻቸውን ይዘው ይደርሳሉ። ሙስሊም በሆነችው ሐርጌሳ የገና በዓል አይከበርም፤ ገበያውም መሥሪያ ቤቱም እንደ ወትሮው ክፍት ነው። ጉዞውን የሚወስነው የምዕራባውያን ትምህርት ቤቶች የእረፍት ሰሌዳ ነው። ብርዱንና ጨለማውን ሽሽት የሚመስለው ይህ ጉዞ በአመዛኙ መዝናኛ ሳይሆን ዘመድ ጥየቃ ነው። ዋናው የመመለሻ ወቅት፣ በኢትዮጵያ ክረምት የሆነው ሐምሌና ነሐሴ፣ የበለጠ ሰው ያመጣል፤ ከ2008 (እ.አ.አ.) ጀምሮ የሚካሄደው የሐርጌሳ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት አውደ ርዕይም የሚውለው በሐምሌ ወር ነው።

ተጓዦቹ የሚያርፉበት አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ታሪክ አለው። በ1988 የሲያድ ባሬ ጦር ሐርጌሳን ሲደበድብ የጦር አውሮፕላኖቹ ይነሱ የነበረው ከዚሁ ማረፊያ ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ በሶማሌ ክልል የሚገኘው የሐርተሼክ ካምፕ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ ነበር። ከዚያም ብዙዎች ወደ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ አቀኑ። ከእነርሱ አስቀድሞ፣ ገና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በእንግሊዝ መርከቦች ተቀጥረው ካርዲፍ የሰፈሩ መርከበኞችም ነበሩ። ዛሬ ሻንጣ ይዞ የሚመጣው አባት እንግዲህ አንድ ጊዜ ሸሽቶ የወጣበትን ከተማ ነው የሚጎበኘው። ልጁ ግን በዚያ ከተማ ኖሮ አያውቅም።

እዚህ ላይ ነው የጉዞው ትርጉም ለሁለት የሚከፈለው። ወላጅ ወደ አገሩ ገባ፤ ልጅ ወደ ውጭ አገር ወጣ። ሶማሌዎች «ዳቀን ዔሊስ» የሚሉት፣ ወጣቶችን ወደ ባህላቸው የመመለስ ልማድ፣ የሚነሳውም ከዚህ ክፍተት ነው። ለአንዳንዱ ልጅ የሁለት ሳምንት እረፍት ቋንቋውን የሚያቃናበትና አያቱን የሚያውቅበት ነው። ለሌላው ግን የመመለሻ ትኬቱ ቀን ይራዘማል፤ ለእረፍት የመጣው ወጣት ሳያስበው ለወራት ወይም ለዓመታት ይቆያል። ሁለቱን አንድ አድርጎ መኮነን ተገቢ አይደለም። ሆኖም ልጁ ሳይጠየቅና እውነቱ ሳይነገረው የተደረገን ጉዞ እረፍት ብሎ መጥራት ያስቸግራል።

ለሴት ልጆች አደጋው ከዚህ ይከፋል። በ2020 በሶማሊላንድ የተካሄደው የጤናና የሥነ ሕዝብ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባለው ዕድሜ ካሉ ሴቶች 98 በመቶዎቹ ተገርዘዋል። የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስቴር በ2018 ያወጣው ፈትዋ ከባድ የሆኑትን የግርዛት ዓይነቶች ቢከለክልም፣ ልማዱን ሙሉ በሙሉ አላወገዘም። በእንግሊዝ በ2003 የወጣው ሕግ ደግሞ ድርጊቱ ከአገር ውጭ ቢፈጸምም በወንጀል ያስጠይቃል። ከ2015 ወዲህ ፍርድ ቤቶች ልጅቱን የሚጠብቅ፣ ከአገር እንዳትወጣም የሚያግድ ትእዛዝ መስጠት ይችላሉ። በትምህርት ቤቶች እረፍት ሰሞን የሒትሮው ፖሊሶች ተጓዥ ቤተሰቦችን አስቁመው የሚያነጋግሩት በዚህ የተነሳ ነው። ይህ ንጹሐን ወላጆችን ማስቀየሙ አይቀርም፤ ጥርጣሬው የሚወድቀው በእያንዳንዱ ሶማሌ ቤተሰብ ላይ ነውና።

ገንዘቡ ሌላው ጉዳይ ነው። እንግዳው ዶላር ይዞ ይመጣል፤ ቤት ይከራያል፣ መኪና ይከራያል፣ ሠርግ ይደግሳል። ከ2009 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው «ዛድ» በተባለው የሞባይል ገንዘብ ዝውውር ከሻይ እስከ መሬት ይከፈላል። ነጋዴው ወቅቱን በጉጉት ይጠብቃል። በሶማሊላንድ ሽልንግ ደመወዙን የሚቀበለው መምህር ግን ከእንግዳው ጋር አንድ ገበያ ውስጥ ይወዳደራል።

የታኅሣሡ ጉዞ ደግሞ የራሱ ክፉ አጋጣሚ አለው። «ጂላል» የተባለው ደረቅ ወቅት የሚጀምረው በዚሁ ጊዜ ነው። ከተማው ውስጥ ሠርግ ሲደምቅ፣ በገጠር ያለው አርብቶ አደር ዘመድ ውኃ ፍለጋ ይጓዛል። ዝናቡ በቂ ባልነበረባቸው ዓመታት የእረፍት ወጪ ተብሎ የተያዘው ገንዘብ የውኃ ቦቴ መክፈያ ይሆናል። በ2016 እና በ2017 ድርቁ መንጋውን በፈጀ ጊዜ የታየው ይኸው ነው። አስቀድሞ ያልተቆጠረ ወጪ ነው፤ እምቢ ማለት ግን ነውር ነው።

መንገዱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ሶማሊላንድ በ1991 ነጻነቷን ብታውጅም፣ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ሰፊ ዓለም አቀፍ እውቅና ሳታገኝ ቆይታለች። የእንግሊዝ መንግሥት ወደ አካባቢው የሚደረግን ጉዞ አስመልክቶ ለዓመታት ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ ኖሯል፤ ከማስጠንቀቂያው ውጭ የሚጓዝ ሰው የጉዞ ኢንሹራንሱ ላይሠራለት ይችላል። በ2025 መስከረም ሞቃዲሾ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ስትጀምር ሐርጌሳ አልቀበልም አለች። የሁለቱ መንግሥታት ውዝግብ በዚህ መልኩ እናቱን ሊጠይቅ የሚበር ሰው ትኬት ላይ ይደርሳል።

ኢትዮጵያም ተመሳሳይ ጉዞ አይታለች፤ ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። በ2021 መጨረሻ፣ በጦርነቱ መካከል፣ የምዕራባውያን ኤምባሲዎች ዜጎቻቸው ከአዲስ አበባ እንዲወጡ ሲያሳስቡ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አንድ ሚሊዮን ዳያስፖራ ለ2022ቱ ገና አገር ቤት እንዲገባ ጥሪ አቀረቡ። ያ ጉዞ የመንግሥት መልእክት ነበረው፤ ጥሪው ሲያልፍ ግለቱም በረደ። የሐርጌሳው ጠሪ የለውም፤ በየዓመቱ የሚያመላልሰው የእናት ስልክ ነው። የበለጠ የጸናውም በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። አደጋውም እዚያው ላይ ነው፤ ስልክ የምትደውለው እናት ስታልፍ፣ በእንግሊዝ የተወለደው ልጅ የታኅሣሥ እረፍቱን ዱባይ ወይም ኢስታንቡል ቢያሳልፍ የሚወቅሰው አይኖርም።

በዚያው ሰሞን በተቃራኒው አቅጣጫ የሚጓዙም አሉ። «ታህሪብ» በተባለው ሕገ ወጥ ስደት በኢትዮጵያና በሱዳን በኩል ወደ ሊቢያ የሚያመሩ የሐርጌሳ ወጣቶች፣ ከለንደን የመጣውን የአጎታቸውን ልጅ ጫማና ስልክ ተመልክተው የሚነሱ ናቸው። የአጎት ልጅ ስለ ጠባቡ ቤትና ስለ ሌሊት ፈረቃ ሥራው አያወራላቸውም። ለእረፍት ነው የመጣው፤ ደግሞም ያን ሁሉ ስጦታ የገዛበትን ብድር ገና አልከፈለም።