ኩላሊቱን ማን ይስጥ? እናት ወይስ ታናሽ ወንድም?

ኮንጋ ውስጥ የአንድ ወጣት ኩላሊቶች ሥራ አቆሙ እንበል። ቤተሰቡ ከድንጋጤው ሲመለስ የሚቀጥለው ጥያቄ «ማን ይስጠው?» የሚል ነው። የ58 ዓመት እናቱ «የኔ ዕድሜ አልፏል፣ የኔን ውሰዱ» ትላለች። የ22 ዓመት ታናሽ ወንድሙ ደግሞ «የእማዬ አርጅቷል፣ የኔ ይሻላል» ይላል።

በ2008 ዓ.ም መስከረም ላይ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተመሠረተው በሕይወት ባሉ ዘመዶች ልገሳ ላይ ነው። ስለዚህ የለጋሽ ዕድሜ ጉዳይ በቀጥታ ቤታችን ይገባል።

የወንድምየው ሐሳብ መሠረት አለው። የኩላሊት የማጣራት አቅም ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በዕድሜ ከገፋ ሰው የተወሰደ ኩላሊት በአማካይ ከወጣት ኩላሊት ያነሰ ዓመት ያገለግላል፤ ያለ ደም ዝውውር መቆየትንም ብዙ አይችልም። ለጋሹ በሕይወት ካለ ግን ቀዶ ጥገናዎቹ ስለሚቀናጁ ይህ ጊዜ ያጥራል። ዩሮትራንስፕላንት የተባለው የአውሮፓ ተቋምም ከ1999 እ.ኤ.አ ጀምሮ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሟቾችን ኩላሊት ለእኩዮቻቸው ሕሙማን ይሰጣል። ያረጀ ሁሉ አይጣልም።

የእናትም ሐሳብ ይመዝናል። የ22 ዓመት ወጣት ከፊቱ ረጅም ዕድሜ አለ፤ ነገ ግፊት ወይም ስኳር ይያዘው እንደሆነ የዛሬ ምርመራ አይነግረንም። የወንድሙ በሽታ በዘር የሚተላለፍ ከሆነ ደግሞ ስጋቱ ይከብዳል። እናት እስከ 58 ዓመቷ ጤነኛ ሆና ከዘለቀች የዚህን ፈተና ብዙውን ክፍል አልፋዋለች። የእሷ ኩላሊት ከዓመታት በኋላ ቢደክም እንኳ፣ ወንድምየው ያኔም ጤነኛ ከሆነ ሁለተኛ ዕድል ሊሆን ይችላል።

ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ ጅዳ ላይ ልገሳን ሲፈቅድ ለጋሹ ሕይወቱን የሚያናጋ ጉዳት እንዳያገኘው፣ በፈቃዱ እንዲሰጥና አካሉ እንዳይሸጥ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። የለጋሹን ዕድሜና ጤና መመዘን እንግዲህ ከሸሪዓው ቅድመ ሁኔታ የሚገባ ነው።

በእኛ እይታ ሁለቱም ይመርመሩ፤ ውጤታቸው ለንቅለ ተከላው በቂ ከሆነ እናት ትቅደም። ወጣቱ ደግሞ በሽማግሌዎች ፊት ሳይሆን ለብቻው ይጠየቅ። በዘመድ ፊት «እምቢ» ማለት ያፈረ ልጅ ፈቅዷል አይባልም።

ወላሁ አዕለም።