የአንድ ሰሚ ሙዚቃ

ባለ ሰባት አውታሩ የቻይና ጉቺን ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ይህን ጠባዩን እንደ ጉድለት ቆጥረው “ይታረም” የሚሉ ወገኖች ከተነሡ ሰንብተዋል። በትልቅ አዳራሽ የማይሰማ መሣሪያ ሰሚ ያጣል፤ ሰሚ ያጣ ጥበብም ይሞታል ይላሉ። ለብዙ ዘመናት ያገለገለው የሐር አውታር በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ናይለን በተጠቀለለበት ብረት ሲተካም፣ መሣሪያው ከሞት እንደ ዳነ ቆጠሩት።

ክርክራቸው ጨርሶ መሠረት የለውም አይባልም። የብረቱ አውታር ቶሎ አይበጠስም፤ ቅኝቱን ይጠብቃል፤ ድምፁም ይጎላል። ስሕተታቸው ጉቺንን በድምፁ ጉልበት መመዘናቸው ነው።

የጉቺን ውበት አውታሩ በተነካበት ቅጽበት አያበቃም። ቀኝ እጅ ከነካው በኋላ የግራ እጅ ጣት በአውታሩ ላይ እየተንሸራተተ ድምፁን ያነሣዋል፣ ይጥለዋል፣ ያርገበግበዋል፤ በመጨረሻም ወደ ዝምታ ይሸኘዋል። ድምፁ ከስሞ የጣቱ መሻሸት ብቻ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ጆሮ የተወውን ልብ የሚቀጥለው ያኔ ነው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈላስፋና ደርዳሪ ሺ ካንግ፣ ድምፅ በራሱ ኀዘንም ደስታም የለውም፤ ስሜቱ ያለው በሰሚው ዘንድ ነው ብሎ ተከራክሯል። እንዲህ ከሆነ ድምፅን ማጉላት ለስሜት ምን ይጨምራል?

በጥንታዊው የቻይና ትውፊት፣ ቦ ያ የተባለው ደርዳሪ ተራራ አስቦ ሲደረድር ተራራውን፣ ወንዝ አስቦ ሲደረድር ወንዙን የሚያውቅለት ጆንግ ዚቺ የሚባል አንድ ሰሚ ነበረው። ወዳጁ ሲሞት ቦ ያ አውታሮቹን በጠሰ፤ ዳግመኛም አልደረደረም። ቻይናውያን የልብ ወዳጅን እስከ ዛሬ “ድምፅን የሚያውቅ” ይሉታል። ታዲያ የዚህ ጥበብ ሚዛን የሰሚው ብዛት ነው መባሉ ከየት መጣ?

“የማይሰማ ይጠፋል” ለሚለው ስጋት ደግሞ መልሱ እ.ኤ.አ. በ1977 ተሰጥቷል። በዚያ ዓመት ወደ ጠፈር የመጠቁት ሁለቱ የቮዬጀር መንኮራኩሮች በያዙት ሸክላ ላይ፣ ከቦ ያ ታሪክ ጋር የሚያያዘው “ወራጅ ውሃ” የተባለው ዜማ ተቀርጿል። ደርዳሪው ጓን ፒንግሁ ነው፤ አውታሩም ሐር። ያን ዝግ ያለ ድምፅ ከምድር አሻግሮ ያደረሰው ማይክሮፎን እንጂ ብረት አይደለም።

እንግዲያስ መድረኩ ለመሣሪያው ይመቻች እንጂ መሣሪያው ለመድረኩ አይጣመም። አዳራሹ ይጥበብ፤ ማይክሮፎኑ ይቅረብ፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶችም የሐሩን አውታር ከብረቱ እኩል ያስተምሩ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 የሰው ልጅ ቅርስ ብሎ ያወጀው፣ ሰባት አውታር የተወጠረበትን ሳንቃ ብቻ አይደለም፤ የመስማትን ልማድ ጭምር ነው። ያ ልማድ ከጠፋ፣ ድምፁ የቱንም ያህል ቢጎላ የሚያውቀው አይኖርም።