ዶቅማን የበላ ዶቅማን ይትከል

ዶቅማ በኢትዮጵያና በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች፥ ይልቁንም በወንዝ ዳር የሚበቅል ዛፍ ነው። ፍሬው ሲበስል ሐምራዊ ይሆናል፤ ልጆችም ወፎችም ይወዱታል። ከነጭ አበባውም ንብ ትቀስማለች።

ነገር ግን ብዙ ሰዎች ፍሬውን መብላት እንጂ ዛፉን መትከል አያስቡም። ለከሰልና ለቤት መሥሪያ ይቆርጡታል፤ ከዚያም ባሕር ዛፍ ይተክላሉ። ባሕር ዛፍ የዶቅማ ዘመድ ነው፤ ፈጥኖ ያድጋል፥ ለማገዶም ይጠቅማል፤ ነገር ግን የሚበላ ፍሬ አይሰጥም። ስለዚህ አንዱ ተተከለ ተብሎ ሌላው ሊጠፋ አይገባም።

ዶቅማን ማፍላት አስቸጋሪ አይደለም። ነገር ግን ዘሩ እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ በጎተራ አይቀመጥም፤ ከደረቀ ይሞታል። ስለዚህ ፍሬው እንደ ተበላ ዘሩን አጥቦ ወዲያው በለሰለሰ አፈር መዝራት ይገባል። ችግኙም እስኪጠነክር ድረስ ጥላና ውሃ፥ ከፍየል የሚጠብቀውም አጥር ያስፈልገዋል።

«ኋላ እተክለዋለሁ» ብሎ ዘሩን የሚያኖር ልጅ የሞተ ዘር ያገኛል። ዛሬ የሚበላውን ዶቅማ የዘራው ወፍ ወይም ቀድሞ የኖረ ሰው ነው፤ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ደግሞ እርሱ ሊዘራ ይገባዋል።