የሚገፋውም ሰው ይታሰብ

በዐቢይ ጾም በአራተኛው እሑድ የመጻጉዕ ወንጌል ሲነበብ፥ ያ ሰው 38 ዓመት በደዌ መኖሩን ብቻ ሳይሆን፥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ማጣቱንም እንሰማለን። በየቤታችንም በጓዳ ውስጥ ቀስ ብለው የሚራመዱ፥ ነገር ግን ጉልበታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያን አላደርስ ያላቸው እናቶችና አባቶች አሉ። ከቅዳሴ መቅረታቸውን የእርጅና ዕዳ ነው ብለን ዝም ልንል አይገባንም። ለእንደነዚህ ያሉት አልፎ አልፎ የሚያገለግል ባለ መንኰራኵር ወንበር፥ ይኸውም ዊልቸር የምንለው፥ ታላቅ ረድኤት ነው።

ወንበሩ ሲመረጥ አስቀድሞ የሚጠየቀው፥ የሚገፋው ማን ነው የሚለው ነው። አንደኛው ዓይነት አራቱም መንኰራኵሮቹ ትንንሽ ናቸው፤ በሌላ ሰው እጅ ብቻ ይገፋል፤ ክብደቱም 10 ኪሎ ግራም ያህል ስለሆነ አጥፎ በመኪና ለመጫን አያስቸግርም። ሁለተኛው የኋላ መንኰራኵሮቹ ቁመት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፥ የተቀመጠውም ሰው በእጁ ሊያሽከረክረው ይችላል፤ ከብረት የተሠራው ግን ብዙውን ጊዜ ከ15 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ለለሰለሰ ወለል የፊተኛው ይበቃል፤ በጠጠርና በድንጋይ ንጣፍ መንገድ ግን ትንሹ መንኰራኵር በየጉድጓዱ እየተሰናከለ ተቀማጩን ሊጥል ስለሚችል፥ ትልቁን እንድትመርጡ እንመክራለን። ገፊዋ ራሷ የደከመች ባለቤት ከሆነች ግን፥ ወንበሩን አንሥታ መጫን መቻሏ ሳይገዛ በፊት ይፈተን።

መለካትም ያሻል። የመቀመጫው ስፋት ከተቀማጩ ዳሌ በጥቂቱ ብቻ ይብለጥ፤ በመቀመጫው ጫፍና በጉልበቱ መታጠፊያ መካከል ከ3 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይተው፤ የእግር ማሳረፊያው ከመሬት ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የወንበሩም ጠቅላላ ስፋት ከቤቱ በር ጋር ይተያይ። ተቀማጩ ሲነሣ አስቀድሞ ፍሬኑ ይያዝ፥ ቀጥሎም የእግር ማሳረፊያው ይነሣ፤ በእርሱ ላይ የቆመ ሰው ከነወንበሩ ሊወድቅ ይችላልና።

በቤት ውስጥ ግን ወንበሩ ታጥፎ ይቀመጥ። በምርኩዝ መራመድ የሚችል ሰው እርምጃውን ከተወ፥ ጉልበቱ ይብሱን ይደክማል።

ደግሞም ሳያማክሩ ገዝቶ በፊታቸው ማቆም፥ ከእንግዲህ አትራመዱም የተባሉ ያስመስላቸዋል። «እማማ፥ እስከ ደጀ ሰላሙ እኛ እንግፋዎ፤ ከዚያ በምርኩዝዎ ይገባሉ» ቢባሉ ግን ልባቸው ይቀበለዋል።

ወንበሩ በገንዘብ ይገኛል፤ እሑድ ማለዳ ተነሥቶ የሚገፋው ሰው ግን ከቤተ ሰቡ መካከል ሊገኝ ይገባዋል። መጻጉዕ ያጣው ይህንኑ ነበርና።