ማረምም ሥራ ነው

የምረቃ ጊዜ በተቃረበ ቁጥር በኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች መካከል «የመመረቂያ ሥራህ ምን አዲስ ነገር አለው?» የሚለው ጥያቄ ይዘወተራል። ጥያቄው በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን አዲስ መሥራትን ብቻ ዕውቀት አድርጎ የሚቆጥር፣ የተሠራውን መርምሮ ማቃናትን ግን የተላላኪ ሥራ የሚያስመስል አስተሳሰብ ከበስተኋላው ስላለ፣ ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም። እኛ የምንለው፣ ሌላ ሰው በጻፈው ፕሮግራም ውስጥ ያለውን ሳንካ ፈልጎ ማግኘትና ሌላ ጉዳት ሳያደርሱ ማረም ከአዲስ ሥራ የማያንስ የአእምሮ ሥራ ነው ነው። ለዚህም የሊኑክስን የሬይድ ድራይቨር ምስክር አድርገን እናቀርባለን። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1988 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ፣ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አስተባብሮ እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ ማሠራት እንደሚቻል የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጡ፤ አሠራሩም ሬይድ ተባለ። ዓይነቱ ብዙ ነው። ሬይድ 1 ያንኑ ጽሑፍ በሁለት ዲስክ ላይ ይገለብጣል። ሬይድ 5 ድምር መሰል ማመሳከሪያ አብሮ ያስቀምጣል፤ ሦስት ቁጥሮች ከነድምራቸው ተጽፈው አንዱ ቢፋቅ ከቀሩት ሊገኝ እንደሚችል ሁሉ፣ አንድ ዲስክ ቢሞት የያዘው ነገር ከሌሎቹ ተሰልቶ ይመለሳል። ሬይድ 0 ግን መጠባበቂያ የለውም፤ ለፍጥነት ሲል ጽሑፉን በቁራሽ በቁራሽ ለዲስኮቹ ያከፋፍላል። በሊኑክስ ይህን ሁሉ ያለ ልዩ ካርድ የሚያከናውነው በከርነሉ ውስጥ ያለው ኤምዲ የተባለው ድራይቨር ነው።

የፈተና ውጤትም ሆነ የጥናት ጽሑፍ፣ የሆስፒታል መዝገብም ሳይቀር በእንዲህ ያለ የዲስኮች ስብስብ ላይ ሊቀመጥ ስለሚችል፣ እዚህ ቦታ የገባ ሳንካ እንደ ሌላው ሳንካ አይደለም። የሥዕል መሣያ ፕሮግራም ቢያስቸግር ዘግተን እንከፍተዋለን። ድራይቨሩ ጽሑፉን ካለቦታው ከጻፈው ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

እስቲ ሁለት ታሪኮችን እንመልከት።

የመጀመሪያው የ2015 ነው። የሬይድ 0 ድራይቨር አንድ የመጻፍ ወይም የማንበብ ጥያቄ ሲደርሰው፣ ጥያቄው የሚጀምርበትን የሴክተር ቁጥር ይዞ በየትኛው ዲስክ ላይ እንደሚያርፍ ያሰላል። የቁራሹ መጠን ሁለትን በሁለት ደጋግሞ በማባዛት የማይገኝ በሆነ ጊዜ ግን፣ የማካፈሉ ስሌት የተያዘውን ቁጥር እዚያው ይለውጠው ነበር። ይህ ስለ ተደረሰበት ቁጥሩን ወደ ነበረበት የሚመልስ አንድ መስመር ተጨመረ። መስመሩ የተጨመረው ግን ጥያቄው በቁራሹ ወሰን ላይ ለሁለት ተከፍሎ መነሻው ወደ ፊት ከተራመደ በኋላ ነበርና፣ የተመለሰው ቁጥር የቀድሞው አልነበረም። ስለዚህ የተከፈለው ጥያቄ ወደማይገባው ቦታ ይሄድ ጀመር። የቀድሞው ሳንካ የሚነካው ያልተለመደ የቁራሽ መጠን የመረጡትን ሲሆን፣ እርማቱ ግን ሳንካው ፈጽሞ ያልደረሰባቸውን ጭምር ጎዳ። በሜይ ወር የፋይሎች መበላሸት በተሰማ ጊዜም በመጀመሪያ የተጠረጠረው ምንም በደል የሌለበት ኤክስት4 የተባለው የፋይል ሥርዓት ነበር። መድኀኒቱ በመጨረሻ ምን ሆነ? ያችኑ አንዲት መስመር ወደ ትክክለኛ ቦታዋ ማዛወር! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ይከብዳል። መጠናቸው እኩል ያልሆነ ዲስኮች በሬይድ 0 ሲጣመሩ፣ ትንሹ ዲስክ እስኪሞላ ሁሉም በአንድነት ይሠራሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ስፍራ ለትልልቆቹ ብቻ ይከፋፈላል። በ2014 በወጣው ከርነል 3.14 ላይ ጥያቄዎችን የሚከፋፍለው ክፍል እንደ ገና ሲደራጅ፣ በዚህ በሁለተኛው ስፍራ የቁራሾቹ አቀማመጥ ማንም ሳያስበው ተለወጠ። ነገሩ የታወቀው በ2019 ነው። ታዲያ ስሌቱን ወደ ቀድሞው መመለስ ብቻ በቂ አይደለምን? አይደለም! በእነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ በአዲሱ አቀማመጥ የጻፉ ሰዎች አሉና፣ ለአሮጌዎቹ የሚበጀው ለአዲሶቹ ጥፋት ይሆናል። ከርነሉም በየትኛው አቀማመጥ እንደ ተጻፈ ከዲስኩ ላይ አንብቦ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ከርነል 5.4 አንድ ውሳኔ ይዞ ወጣ፤ እንዲህ ያለውን ስብስብ ባለቤቱ «አንድ» ወይም «ሁለት» ብሎ አቀማመጡን እስኪነግረው ድረስ አላስነሣም ይላል። በግምት ሠርቶ ከማበላሸት አልሠራም ማለት የሚሻልበት ጊዜ መኖሩን መገንዘብ ትልቅ ብልኀት ነው እንላለን።

ሦስተኛም ነገር አለ፤ እርሱም መብራት በድንገት ለሚጠፋብን ለእኛ ቅርብ ነው። በሬይድ 5 ጽሑፉና ማመሳከሪያው የሚያርፉት በተለያዩ ዲስኮች ላይ ነው። አንዱ ተጽፎ ሌላው ሳይጻፍ ኀይል ቢቋረጥ ሁለቱ አይስማሙም፤ ከዚያ አንድ ዲስክ ቢሞት በስሌት የሚመለሰው ነገር ሐሰተኛ ይሆናል። ይህ ቀዳዳ ከጥንት የታወቀ ሲሆን፣ ሊኑክስ ለመዝጋት የሚያገለግል መዝገብ ያገኘው በ2016 በወጣው ከርነል 4.4 ነው።

«ይህ የውጭ አገር ሊቃውንት ጉዳይ ነው፤ እኛ ተጠቃሚዎች ነን» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። አንስማማም። የሊኑክስ ምንጭ ጽሑፍ ለማንም ክፍት ነው። ለመሞከርም ብዙ ዲስክ መግዛት አያስፈልግም፤ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ጥቂት ፋይሎችን ፈጥሮ እንደ ዲስክ ማሠራት፣ ኤምዲአድም በተባለው መሣሪያ ስብስቡን ማቆም፣ አንዱን «ሞቷል» ብሎ ማስወጣት፣ የተመለሰውንም ከመጀመሪያው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። የሚጎድለን ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥትና የሌላውን ሰው ሐሳብ ተከትሎ የማንበብ ልምድ ነው።

መምህሮቻችን ደግሞ «አንዲት መስመር ላረመ ተማሪ ስንት ማርክ ይሰጠዋል?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የ2015ቱ እርማት በመስመር ብዛት ቢለካ ውጤቱ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ መለኪያው ሌላ ይሁን፦

አንደኛ፣ ተማሪው ሳንካውን በፈለገው ጊዜ ደግሞ ማሳየት መቻሉ፤

ሁለተኛ፣ መነሻውን አብራርቶ መጻፉ፤

ሦስተኛ፣ እርማቱ ሌላውን እንዳልጎዳ በፈተና ማረጋገጡ፤

አራተኛ፣ ቀድሞ የተጻፈው መረጃ ምን እንደሚሆን ማሰቡ።

እነዚህን አራቱን ያሟላ ተማሪ ማንም የማይከፍተውን አዲስ ፕሮግራም ከጻፈው ያነሰ ተምሯል የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረን።

ይህን ስንል አዲስ ሥራ ይቅር ማለታችን አይደለም። ነገር ግን የትምህርት ክፍሉ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ማረምንና መፈተንን እንደ ሙሉ የመመረቂያ ሥራ እንዲቀበል በአክብሮት እንጠይቃለን። እኛም ተማሪዎች «ምን አዲስ ሠራህ?» ብለን ስንጠይቅ፣ «ምንስ አቃናህ?» ማለትን እንልመድ።