ቆጠራ ያልደረሳቸው፦ አካል ጉዳተኝነት፣ ጋብቻና የሥነ ተዋልዶ ጤና በምዕራብ ጎጃም

በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በመላ ሀገሪቱ የተመዘገቡት አካል ጉዳተኞች ከ864 ሺሕ ጥቂት የሚበልጡ ነበሩ። ይህም ከጠቅላላው ሕዝብ 1 ነጥብ 17 በመቶ ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶው፣ ማለትም 1 ነጥብ 3 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ ከጉልህ የአካል ጉዳት ጋር እንደሚኖር ይገምታል። ኢትዮጵያ ወጣት የሚበዛባት ሀገር በመሆኗ የዓለሙን አኃዝ እንዳለ መውሰድ አይቻልም፤ ይሁን እንጂ ይህን ያህል የሰፋ ልዩነት በዕድሜ ብቻ የሚገለጽ አይደለም። አንድ ጤና ኬላ እስከ 5 ሺሕ ነዋሪ እንዲያገለግል ታስቦ መቋቋሙን መነሻ አድርጎ ለሚያሰላ ሰው፣ በቆጠራው መሠረት በአንድ ቀበሌ 58 ያህል አካል ጉዳተኞች ይኖራሉ፤ በድርጅቱ ግምት ግን 800። እውነቱ በሁለቱ መካከል ቢሆን እንኳ፣ ቆጣሪ በመጣ ጊዜ ስማቸው ያልተጠራ ብዙ የቤተሰብ አባላት በየጓዳው መኖራቸው አያጠራጥርም።

ይህ አለመቆጠር ከየትኛውም አገልግሎት ይልቅ ጎልቶ የሚጎዳው በሥነ ተዋልዶ ጤና ላይ ነው። ዓይነ ስውር የሆነች ወጣት ለዓይኗ ሕክምና ፍለጋ በቤተሰቦቿ እጅ ተይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ልትሄድ ትችላለች። ስለ እርግዝና መከላከያ፣ ስለ አባላዘር በሽታ ወይም ስለ ወሊድ የሚጠይቃት ግን አይገኝም፤ አታገባም፣ አትወልድም ተብሎ አስቀድሞ ተወስኗልና። አካል ጉዳተኛ ሴት ለጾታዊ ጥቃት ይበልጥ የተጋለጠች መሆኗ በብዙ ሀገራት ጥናቶች የተረጋገጠ ሆኖ ሳለ፣ ስለ ገዛ አካሏ የሚነገራት ከሌላው ሁሉ ያነሰ ነው።

በሕግ በኩል ክፍተቱ ያን ያህል አይደለም። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 25 አካል ጉዳተኞች የሥነ ተዋልዶ ጤናን ጨምሮ ለሌላው በሚሰጠው ዓይነትና ጥራት ልክ እንዲታከሙ ያዛል። አንቀጽ 23 ደግሞ በነጻ ፈቃድ የማግባት፣ የልጆችን ቁጥርና ጊዜ የመወሰንና የመውለድ ችሎታን ጠብቆ የመኖር መብት ይሰጣል። በመንግሥት ጤና ተቋማት የእርግዝና ክትትል፣ የወሊድና የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በነጻ ስለሚሰጥ፣ የሕክምና ክፍያም ዋነኛው እንቅፋት ነው ለማለት ይከብዳል።

እንቅፋቱን ለመረዳት የአካባቢውን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። የጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ቀይ አፈር ለዝሆኔ በሽታ ምቹ ነው። ከእሳተ ገሞራ ዓለት የተገኘው አፈር ያሉት ረቂቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር በሚሄድ ሰው ቆዳ ዘልቀው ይገባሉ፤ በዓመታት ውስጥም እግርን የሚያሳብጥ ጉዳት ያስከትላሉ። ከቆጋ መስኖ ማሳ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ላለው አርሶ አደር ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ በማድረግና እግርን በሳሙና በመታጠብም መከላከል ይቻላል። በተፈጥሮ ይበልጥ ተጋላጭ የሆኑ ቤተሰቦች መኖራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ያለ አፈሩና ያለ ባዶ እግሩ በሽታው አይመጣም። ሕዝቡ ግን «የዘር ነው» በማለት ከቤተሰቡ ጋር መጋባትን ሲሸሽ ኖሯል። እግሯ ያበጠባት ሴት ብቻ ሳትሆን ጤነኛ እህቷም ጠያቂ ታጣለች። ሥጋ ደዌም እንዲሁ ጋብቻን የሚያፈርስ ስም ሆኖ ቆይቷል፤ ዛሬ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ቢሆንም ስሙ ከበሽታው ረዝሞ ኖሯል።

ጎጃም ሌላም ታሪክ አላት። የቅኔ ትምህርት በቃል የሚሰጥ በመሆኑ በጉባኤ ቤቶች ዓይነ ስውራን ተምረው ለመምህርነት ይበቁ ነበር። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውርም ሴትም ሆነው በጎጃም ወንበር ዘርግተው ወንዶች ደቀ መዛሙርትን ቅኔ አስተምረዋል። ኅብረተሰቡ ዕውቀትን ካየ የዓይንን ነገር ለመተው እንደማይቸገር ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው። እርሳቸውን ያስተማሯቸው የቅኔ መምህር የነበሩት አባታቸው መሆናቸው ግን ሊዘነጋ አይገባም፤ እንዲህ ያለ አባት ያላገኙት ቁጥራቸው እጅግ ይበዛል።

በወሎ አማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን ያጣችው የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ፣ በ2010 ዓ.ም መጀመሪያ ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ማግኘቷ ይታወቃል። ዓይነ ስውርነቷ በአካባቢው ከተለመደው ያለዕድሜ ጋብቻ እንዳዳናትና ለትምህርት በር እንደከፈተላት በተለያዩ አጋጣሚዎች ተናግራለች። አባባሉ ሁለት በደል በአንድ ጊዜ ያሳያል፤ ያልተጎዳችው ልጅ ሳትደርስ ትዳራለች፣ የተጎዳችው ደግሞ ብትደርስም ለትዳር አትታሰብም።

ያለዕድሜ የተዳረችውም ብትሆን ከአካል ጉዳት አታመልጥም። ምጥ ለቀናት ሲጸና የሕጻኑ ጭንቅላት በዳሌ አጥንት ላይ ተጭኖ ደም ይከለክላል፤ በዚህም የተጎዳው የፊኛ ወይም የአንጀት አካል ይቀደድና ሽንት ወይም ሰገራ ያለማቋረጥ ይፈሳል። ይህ ፌስቱላ ነው። በወቅቱ ያልተገኘ የወሊድ አገልግሎት ጤነኛዋን ሴት ከባሏ፣ ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን የሚያስቀር ጉዳት አሸክሟት ይሄዳል። ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ በ1974 አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ በ2005 በባሕር ዳር የከፈተውን ቅርንጫፍ ጨምሮ ከ60 ሺሕ በላይ ሴቶችን በነጻ አክሟል። ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤናና ስለ አካል ጉዳት በየፊናው የሚያወሩ ስብሰባዎች ይህን አንድነት ብዙ ጊዜ ይስቱታል።

በአገልግሎት መስጫው ውስጥ ያለው ችግር ደግሞ ከግንባታ ይጀምራል። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ ቢደነግግም፣ መወጣጫ የተሠራለት በር ከፍ ብሎ ከተተከለ የማዋለጃ አልጋ ጋር ሲገናኝ ጥቅሙ በመንገድ ይቀራል። መስማት ለተሳናት ሴት ጉዳዩ ይከብዳል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይቀጠር የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ሆኖም በገጠር ያደገች፣ ትምህርት ቤት ያልገባች ሴት የምታውቀው ከእናቷና ከእህቷ ጋር የፈጠረችውን የቤት ምልክት ብቻ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ምስጢሯ በዘመድ አፍ ያልፋል። ስለ መከላከያው የምትወስነው እርሷ ትሁን አማቷ፣ ባለሙያው በምን ያውቃል? ስለዚህ ባለሙያው ዘመዱን ማስተርጎም ብቻ ሳይሆን ሴቲቱን ለብቻዋ በሥዕልና በዕቃ እያሳዩ የመጠየቅ ሥልጠና ያስፈልገዋል።

በክልሉ ባለው የጸጥታ ችግር የመድኃኒት አቅርቦትና የመንገድ እንቅስቃሴ በተስተጓጎለበት በዚህ ጊዜ አዲስ ተቋም መጠየቅ ቀላል አይደለም። ያለውን ማዋል ግን ይቻላል። እ.ኤ.አ ከ2003 ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ሴት ባለሙያዎችን ቤት ለቤት የሚያዘዋውር በመሆኑ፣ ከጓዳ ያልወጣችን ሴት የሚያገኝ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። የሚጎድለው አጠያየቁ ነው። «አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?» ሲባል መልሱ «የለም» ነው። በብዙ ሀገራት ሥራ ላይ የዋሉት ስድስት ጥያቄዎች ግን ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስ፣ ራስን መንከባከብና መግባባት ለማን እንደሚቸግር ይጠይቃሉ፤ ቃሉን ሳይጠሩ ሰውየውን ያገኙታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መክፈል ለማይችሉ አባወራዎች መንግሥት መዋጮ የሚሸፍንበት ምልመላ በቀበሌ ደረጃ የሚካሄድ በመሆኑ፣ እነዚሁ ጥያቄዎች እዚያም ሊቀርቡ ይችላሉ። ምልመላውን የሚያካሂዱት የቀበሌ ኮሚቴዎች የየጎጣቸውን ቤት ሁሉ ያውቃሉ፤ የትኛው ቤት ልጁን እንደሚደብቅ ጭምር።